ሰባት ጨዋታ

«ጨዋታ ታሪክ ይሆናል ወይ?» ይላል የጥናቴ ርእስ፤
ሁለት ዓመት ፈጀሁበት፣ ስጽፍ ስሰርዝ፣ ስቀድ ስመልስ።
ለፕሮፌሰር ዝዴንካ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፣
በእኛ አፍ ይህ ጥያቄ ጥያቄ ሆኖ እንደማያውቅም፦
ተቀምጠው የሚያወጉትን፣ ተነሥተው የሚሯሯጡትን፣
ሁለቱንም «ጨዋታ» አሉት፤ አንድ ስም ነው ያወጡለትን።

«ሰባት ብቻ ምረጪ» አለች። ሰባት! ከስንት መቶ መሀል፤
እንደ ሠርግ ጠሪ ሆንኩኝ፣ የቀረው ሁሉ ይቀየማል።

በብርኖ የኅዳር ጭጋግ፣ አራት ቁጥር ትራም ሲያልፍ፣
የቦሁሚር ምድር ቤት ይንቀጠቀጣል እስከ ጫፍ።
ሬዲዮ ይጠግን የነበረ፣ ዛሬ ብሶቱን የሚጠግን፣
ሟች ኮምፒውተር እንደ ፍልጥ ከምሮ የሚጠብቅ ብርዱን።
ካንዱ ላይ አቧራ እፍ አለ፣ ገመዱን በጥርሱ ልጦ፣
ካሴት ከተተ። ማሽኑ ጮኸ፣ ሲጥ ሲጥ አለ ዐይኑ ፈጦ።

የመጀመሪያው ገደል ነው፤ ሁለተኛው ተኩስ ብቻ፤
ሦስተኛው በአሥር ዓመቴ ያለቀስኩበት — ዛሬ ባዶ ስልቻ።
ያለቀስኩበትን ስፍራ ዞሬ ዞሬ አጣሁት፤
ለካ መንደሩን በሙሉ እኔ ነበርኩ የሠራሁት፣
አራት ነጥብ፣ አንድ ሰረዝ — ያንን «እናቱ» ያልኩት።
(ይህ ለጥናት አይሆንም ብዬ፣ በእርሳስ ብቻ አሰፈርኩት።)

አራተኛውን ዘለልኩ።

አምስተኛው ሥዕል የለው፤ ጥቁር ሰሌዳ፣ አረንጓዴ ፊደል፤
«ከወንዙ ዳር ደረስክ» ይላል፤ በቼክኛ ወንድ አርጎኛል።
ያም ቋንቋ እንደ እኛው ነው፣ ጾታ ሳይለይ አያልፍም፤
«ደረስሽ» በል ብዬ ተቆጣሁ። ማሽን አፍሮ አያውቅም።
አንድ ጀልበኛ ከዳር ቆሟል። ረጅም ተረት ይተርካል፤
ይጨርስና ዝም ይላል፣ መቅዘፊያው ላይ ይተኛል።

ቦሁሚር ከተቀመጠበት ሳጥን፣ «እዚህ ነው» አለኝ፣ «የቀረሁት፤
በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ለውትድርና ስጠራበት።
ወርቅ ሰጠሁት፣ እንቢ አለ። ፋኖስ ሰጠሁት፣ ወንዝ ጣለው።
ለመንኩት። ሰደብኩት። በሰይፍ ብለው፣ የሞትኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ምን አለው?
ይኸው ሠላሳ ምናምን ዓመት፣ ልተኛ ስል ይመጣል፤
ያንኑ ተረት ይነግረኛል፤ ያንኑ ዝምታ ዝም ይላል።»

ተረቱ ሲያልቅ ግን እጄ ከሐሳቤ ፈጠነ፤
«አፌን በዳቦ አብሱ» ይባል የለ? ዕዳው የታወቀ ሆነ።
ከረጢቴ ውስጥ ቁራሽ አለ፣ ከወፍጮ ቤቱ ያነሣሁት፤
«ዳቦ ስጥ» ብዬ ጻፍኩ። (ስጥ! እኔም ወንድ ሆንኩለት።)

ጀልበኛው ተነሣ።
ቦሁሚርም ተነሣ።

«ዳቦ?» አለ። «ዳቦ?» አለ ደግሞ። መነጽሩን አወለቀ፤
የደስታ መስሎኝ ነበር። ተሳደበ፤ ሳጥኑን ረገጠ፤ ቆየና ሳቀ።
ማሽኑ ጻፈ፦ «ተሻገርክ። ካሴቱን ገልብጥ።»

ገለበጥነው።
ሲጥ ሲጥ የለም። አኮርዲዮን መጣ፣ ብርጭቆ፣ የሰው ግርግር፣
«እንደገና! እንደገና!» የምትል ሴት፣ ከዘፋኙ ስትከራከር።
«የእህቴ የያርሚላ ሠርግ» አለ፣ «ባዶ ካሴት መስሏት ኖሯል፤
የወንዙ ማዶ እንግዲህ…» ተወው፤ በአኮርዲዮኑ ራሱን ይነቀንቃል።

በሠንጠረዤ ከአምስተኛው ጎን «ፍጻሜ» የሚል ዐምድ አለ፤
ዝዴንካ ያለሱ አትቀበልም፤ ባዶውን ግን ዋለ።
ሠርጉን እስኪያልቅ ሰማነው። ቦሁሚር ካሴቱን ገለበጠ፣
ከወንዙ ወዲህ መለሰንና «አሁን እኔ ልስጠው» ብሎ ተቀመጠ።