ኖራ

ጠዋት አሥራ ሁለት፣ ሙቀቱ ሳይጎዳ፣
ጋሪ እገፋለሁ በቂርያት ጋት ሜዳ።
ነጩ መስመር የቆየው የእግር ኳሱ ነው፤
ኖራ በቢጫ በጥብጬ እኔ የማሰምረው
በየአምስት ያርዱ፣ ከዳር እስከ ዳር።
ሣሩ ደብተር መሰለ፣ ያውም ባለመስመር፤
ምን እንደሚጻፍበት የሚያውቅ የለም ገና።

ሲጋሊት ከማዘጋጃ ቤት ደወለችና
«ፈንቴ፣ ለጸደዩ ሊግ ስንት ኖራ ይበቃል?» አለች።
«ሊጉስ ስንት ሳምንት ይኖራል?»
ሳቀች። ቆይታ፣ ዝም አለች።

ኦርባክ፣ ባለሀብቱ፣ ከሄርዝሊያ መጣ፤
ባልደረቀው መስመር ላይ ቆሞ ንግግር አወጣ፦
«በመኸር ትልቁ ሊግ ዓለሙን ያጠግባል፤
ጸደይ ሲጠባ ግን ተመልካች ይራባል፤
የተራበ ደግሞ ያቀረቡለትን ይበላል።»
ጫማው ቢጫ ሆኗል። አልነገርኩትም።
በልቤ ግን አልኩ፦ ይህ ሰው በልግ አያውቅም።
አባቴ ለበልግ ቁና አይሰፍርም ነበር፤
እፍኝ ይበትናል፣ ሰማዩን በጎሪጥ እያየ፤
ከበቀለ እሰየው፤
ካልበቀለም፣ ጎተራው አልሰማ።

የመጀመሪያው ቀን ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሰው፤
ስልሳው እናትና አክስት፣ በነጻ የገባው።
ሚሞን፣ ጡረተኛው አውቶቡስ ነጂ፣ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለ፣
«እግር ኳስ ይሉታል፣ በእጅ ተሸክመው!
ኳስም አይደል፣ እንቁላል ነው፤
መሬት ሲነካ ወዴት እንደሚነጥር ማን ያውቃል?» አለ።
እውነቱን ነው። ግን በዚህ አገር ጸደይ
ክብ ሆኖ የሚነጥር ምን አለ?
ፔሳሕ አንድ ሳምንት ቆርሶ ወሰደ፣
የሙታን መታሰቢያ ሌላውን ወሰደ፣
ሻራቭ፣ የበረሃው ወላፈን፣ የውሃ ቱቦውን አነደደ፤
ሦስት ተከላካይ በአንድ ሌሊት
ለተጠባባቂ ጦር ተጠርቶ ሄደ።

የትኬት ቆራጯ የዝናሽ ልጅ ኤልያቭ፣
ሌሊት ፋብሪካ ጠባቂ፣ ቀን የላኪሽ ተርቦች ሯጭ፣
ሕጉን አስረዳኝ፣ ጋሪዬ ላይ ተቀምጦ፦
«አራት ጊዜ ትሞክራለህ። አሥር ያርድ ከገፋህ
አራቱ እንደገና ይሰጥሃል።»
«ካልገፋሁስ?»
«አራተኛው ላይ ወይ ትለጋዋለህ፣ ለሌላው ትተዋለህ፤
ወይ ያለህን ይዘህ ትገባለህ።»
ይህን ወደድኩት። ሦስት ጊዜ የሚምር ጨዋታ፤
እንዲህ ያለ አሠሪ እንኳ አላየሁ።

በስድስተኛው ሳምንት ደመወዝ አልገባም።
አላባማ የተወለደው ኳስ ወርዋሪ፣ ታይረል፣
ጓንቱን ሰጥቶኝ ሄደ፤ በአንዱ ሁለት እጄ ይገባል።
የኦርባክ ስልክ «ደንበኛው አይገኝም» ይላል።
ኤልያቭ «ለጋት» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረ።

ዓርብ ንጋት ላይ ሜዳውን ላጠጣ ስመጣ፣
ስምንት ተርብ፣ ሰባት ደግሞ ከአፉላ የመጣ፣
የራስ ቁሩን ታቅፎ አጥሩ ሥር ቆሟል።
«መስመር አለ?»
«ኖራው ግማሽ ከረጢት ነው። እስከ ሃምሳ ብቻ ይደርሳል።»
«ግማሽ ሜዳ ይበቃል።»
ሚሞንም መጣ፣ በነጠላ ጫማ፣
እንቁላሉ ሲነጥር ስድብ ሊያሰማ።

አሁን ሲጋሊት የከርሞ በጀት ልትጽፍ ትጠይቀኛለች፦
«ፈንቴ፣ እውነት ንገረኝ፤ ይሄ ሊግ ይሳካል?»
እኔ መስመር ቀቢ ነኝ። ዝናብ መጥቶ ያጥበዋል፣
እንደገና እቀባለሁ።
ስለ መሳካት ኦርባክን ጠይቂ፣ ስልኩን ካነሳ።
«ቢሆንም ከሊጓ ስም ፊት አንድ ነገር ልሙላ፤
ምን ብዬ ልጻፍ?»
ስድስት ሳምንት ነበረች።
ልጆቹ አሁንም ዓርብ ዓርብ ይመጣሉ።
«ኖራ» በይ።
ብዛቱን ክፍት ተዪው።