የግርጌ ማስታወሻ ዐሥራ ሰባት

ከሐዴራ ከተማ ዳር፣ ከወረቀቱ ፋብሪካ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጥቅል ሳነሣ ስተካ፣
ነጩ በፊቴ እየሮጠ፣ እንደ ሸማ ሲጠቀለል፣
አንድም ቀን አልተገኘሁም፣ «ማን ይጽፍበት ይሆን?» ስል።
እኔ የማውቀው ክብደቱን፣ እርጥበቱን፣ የት እንደሚቀደድ፤
ቃሉ የሌላ ሰው ነው፤ የኔ ሥራ ጠቅልሎ መስደድ።

ዘንድሮ ልጄ ኖፋር ዐሥራ ሁለተኛ ደረሰች፤
ለጽሕፈት ክፍል ማብቂያ ጥናት አምጪ ተባለች።
ያ ስለ ጦርነት ያዘ፣ ያቺ ስለ ስልክ አባዜ፤
የኔዋ በመስኮት አየች፣ ዝም ብላ ለጥቂት ጊዜ፣
ጣቷን ወደ መንገዱ ማዶ፣ ወደ ተላጠው ግንድ ቀስራ፣
«ረግረጉን ስለ መጠጠው፣ ስለ ባሕር ዛፍ በሐዴራ።»

የምንበላበት ጠረጴዛ ከዚያ ወዲያ የኛ አልሆነም።
ካርታ፣ የማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ፣ ቅጠል በመጽሐፍ ሆድ፤
ሚስቴ ትርንጎ ሳህን ይዛ ማስቀመጫ ፍለጋ ስትሄድ፣
እኛ በጉልበታችን ላይ በላን፣ ክረምቱን በሙሉ።
ሐሙስ ሐሙስ መዝገብ ቤት ዋለች፣ አቧራ እያስነጠሳት መጣች፤
የመጀመሪያውን ምዕራፍ ቀደደች፣ ደግማ ጻፈች፣ ደግማ ቀደደች።
(ሲቀደድ በድምፁ ዐወቅሁት፤ ቀጭን ነበር፣ ርካሽ ወረቀት።)

በመጋቢት ተመለሰ፣ ዳር ዳሩ በቀይ ተዥጎርጉሮ።
«መምህርት ኦስናት ምን አለች?» አልሁ። ፊቷ ደመና ቋጥሮ፣
«ምንጭ የለውም» ትላለች።
                    ምንጭ የለውም!
ሳቄ አመለጠኝ። «መምህርትሽስ እውነቷን ነው፤
ባሕር ዛፍ ከቆመበት የትኛው ምንጭ ነው የሚከርመው?
ወገራ ላይ አጎቴ ፈንታ አርባ እግር ቢተክል ከበር፣
በሰባት ዓመት ነጠፈ ምንጩ፣ ሦስት ቤት ይቀዳው የነበር።
ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ዛፉ እንደ ሰው ተከሰሰ።
‹ፍርዱ ይቅር› አለ አንዱ፣ ጋቢውን እየመለሰ፣
‹ስሙ ራሱ ባሕር አይደል? ባሕር ለምዶ የመጣ እንግዳ
ጠምቶት ከአንድ ምንጭ ቢጠጣ፣ ምን ያህል አለበት ዕዳ?›»

ኖፋር ማኘኳን ተወች። «አባ፣ እስቲ ድገመው» አለችኝ፤
ስልኳን ከጨው ዕቃው አስደግፋ ቀይዋን መብራት አበራችብኝ።
በወላጆች ስብሰባ ከኋላ ወንበር ዝም የምል ሰው
እንደ ምስክር ተጠየቅሁ፦ «ሙሉ ስም? የትውልድ ዘመን?»
«የመታወቂያዬን ልንገርሽ፣ ወይስ የእናቴን?»

የመጨረሻው ሌሊት። ጠዋት ማስረከቢያ ነው።
ቃሌን በፊደሌ ልታስገባ፣ ከዕብራይስጡ መኻል፣
የነሱ ከቀኝ ይነሣል፣ የኛ ከግራ ይመጣል፤
መገናኛው ላይ ኮምፒዩተሩ የሚያደርገው ጠፋው።
አራት ነጥቤ ከዓረፍተ ነገሬ ፊት ዘላ ቆመች፤
ስትጎትታት ተመለሰች፣ ስትለቃት ሸሸች።
«አንተ ከየት በኩል ነው የምታልቀው?» ብላ ሳቀች፣ ዐይኗ ቀልቶ።
መልስ አልነበረኝም። ሻይ አፈላሁ።

ሲነጋጋ ታተመ፣ ሰማንያ ሁለት ገጽ።
በአውራ ጣቴ ዳሰስሁት። «ሰማንያ ግራም» አልሁ፣ «የኛ አይደለም፣ የውጭ ነው።»
«አባ!» አለች። «አንብበው።»
ገጽ አርባ አንድ። ከመስመሩ በታች፣ ከጉንዳን ባነሰ ፊደል፣
ቁጥር ዐሥራ ሰባት፦
«ገረመው ይርዳው፤ የቃል ምንጭ፤ ሐዴራ፣ በወጥ ቤት ጠረጴዛ።»
አራት ነጥቡም በቦታው።
ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ሦስተኛውን መነጽሬን ጠርጌ።

ማታ ወደ ፈረቃዬ ስሄድ፣ የምሳ ዕቃዬን አንጠልጥዬ፣
ያ ባሕር ዛፍ ከመንገዱ ዳር እንደ ወትሮው ቅርፊቱን ይጥላል።
ምንጭ መባሌን ሰምቶ እንደሆነስ ብዬ፣
በማዶ በኩል አለፍሁ።