መርጋት

ቫርዶ ወደብ ዳር፣ የዓሣ ጉበት ሲቀልጥ በኖረበት ቤት
(ሦስቴ ኖራ ቀቡት፤ ሽታው ግን አልለቀቀውም)
ሲኖቨ ገንዳ ሞላች፤
ውሃው ከባሕሩ፣ ሁለት ዲግሪ፤
በመርፌ አፍ፣ ከጠርዙ ዳር፣
ዘይት ጠብ አደረገች።

ሲሞቅ ምን ገዶት፤ ይሮጣል፣ ይሳሳል፣
የርግብ አንገት ቀለም ለብሶ ሄዶ ሄዶ ያልቃል።
ሲበርደው ግን
በውስጡ የተኛው ሰም ይነቃል፤
መርፌ ከመርፌ ይጠላለፋል፣
ስልባቦት ይሆናል።
ሞገዱ ከሥሩ ሲያልፍ፣
ከሥሩ ሕፃን እንደሚገላበጥበት ብርድ ልብስ፣
ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ አይቀደድም።

ሁለት ስስ ሳንቃ አላት፤
አንዱ የታሰረ፣ አንዱ በክር የሚሳብ።
ትስባለች፤ ይለጠጣል። ትለቃለች፤ ይመለሳል፤
ግን ከነበረበት ጥቂት ይጎድለዋል።
ያቺን ጉድለት ትጽፋለች።
ደግሞ ትስባለች፣ ግራም በግራም።
እሺ ይላል፣ እሺ ይላል፣ እሺ
ከዚያ ከጎን፣ ዓይኗ ከሌለበት በኩል፣
አንድ ጥቁር መስመር፤
ውሃው ራቁቱን።

አባቷ ቶርላይፍ፣ ሰማንያ ሦስት ዓመቱ፣
ሁለት ጣት የጎደለው፣
የዚያን የየካቲት ሌሊት ሁልጊዜ በአንድ ቃል ያወራዋል።
«ማዕበል ሲነሣ ዘይት አፍስሱ፣ ባሕሩ ይረጋል
ይሉን ነበር አባቶቻችን።
እኔ መሪ ያዝሁ። ሃልቫር ጣሳውን ደፋ።
አልወጣም። ነቀነቀው። ደበደበው።
በእጁ እየዛቀ ወረወረው፣
እንደ ገንፎ፣ ጉርሻ ጉርሻ፤
ሞገዱ ላይ ተቀመጠ እንጂ አልተዘረጋም።
ባሕሩን ያረጋል ያልነው ዘይት
እሱው ረጋ።»

ሃልቫር ታናሹ ነበር።
ጣሳውን ከሞተሩ ጎን፣ ከሙቀቱ ዳር ማኖር
የቶርላይፍ ሥራ ነበር።
ይህን የሚለው ከጠጣ ብቻ ነው።

ዛሬ ዘይቱን አሙቃ ደፋች፣
እጅ እስኪፈጅ፣ ከሞተር ጎን እንደ ዋለ።
ተዘረጋ፣ አብረቀረቀ፤ እሷም ቆጠረች፤
ሰባት ላይ ረጋ።
ያንኑ ሠላሳ አንድ ጊዜ። ሰባት፣ ሰባት፣ አንዴ ስምንት።

ደብተሯን ከምድጃው አጠገብ ገለጠችለት።
«ቢሞቅም ያው ነበር፣ አባዬ።
በዚያ ውሃ ላይ ከሰባት አያልፍም።»

«ሰባት?» አለ።
«ሰባት።»

መስኮቱ በጨለማ ተሞልቷል፤ ከወደቡ ወዲያ ባሕሩ ይተነፍሳል።
በቀሩት ጣቶቹ ጠረጴዛውን መታ፣ ቀስ እያለ፣ እየቆጠረ፤
ሰባት ላይ ቆመ።

«ለአንድ ሞገድ» አለ፣
«ይበቃ ነበር።»