ግማሽ መረብ

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣
ጭጋጉ ከዓባይ መውጫ ሳይነሣ፣ በውድቅት ሌሊት፣
እኔና ይበልጣል ባንድ ታንኳ ነበርን፣ ባንድ መረብ፤
ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ነው፣ አብረን ስንራብ፣ አብረን ስንጠግብ።

እሱ በጾም ዓሣ አይቀምስም።
ያጠምዳል እንጂ፣ ይሸጣል እንጂ፣ ጣቱን እንኳ አይልስም።
እኔ እበላለሁ። አፌን ሞልቼ፣ ሳልሸሽግ፣ በጠራራ ፀሐይ፣
«ጌታ ራሱ ባሕር ዳር ቆሞ ዓሣ ጠብሶ የለም ወይ?»
እላለሁ፣ ቃሉን ከነስሙ ወደ ከተማችን ጎትቼ፣
ፍሜን ከታንኳው አጠገብ፣ ከአፍንጫው ሥር ዘርግቼ።

በሰንበቴው ዕለት ነገሩ ከኛ አልፎ ሄደ፤
ግማሹ ወደ እኔ፣ ግማሹ ወደ እሱ ነጎደ።
አለቃ መንክር «ይብቃ» ቢሉ፣ ማን ሰምቶ!
አንዱ «አንተ ጾም ሻሪ»፣ አንዱ «አንተ ግብዝ» ብሎ ተነሥቶ፣
ዳቦው ሳይቆረስ ቀረ፣ ጠላው ከነጋኑ ተረስቶ።

ማግስቱን ይበልጣል ቢላ ስሎ መጣ፤
«እንካፈል» አለ። ከአፉ ሌላ ቃል አልወጣ።
መረቡን ከመሐል ቀደድነው።
ታንኳዋ ለሱ ደረሰች፤ ከሩቅ ሳያት
አንድ ቀዛፊ ይዟት ትዞራለች፣ መንገድ እንደጠፋባት።
እኔስ? ግማሽ መረብ ጥለህ ታውቃለህ? ጫፉ ተተርትሮ ይከፈታል፤
የገባው ዓሣ ሳይቸኩል፣ እንደ ባለቤት ይወጣል።

ዐሥር ቀን አለፈ። ንፋሱም፣ ዝምታውም በረታ።
አንድ ማታ መጣ፤ ከፍሜ ዳር ቁጢጥ አለ፣ ሳይጠራ፣ ሳያመነታ፣
ከቆሮሶው ጎን አንድ ጉርሻ ቆርሶ ዋጠ።
«ይኸው፤ ካንተ አይበልጥብኝም» አለ። ድምፁ ግን ተቆራረጠ።
እኔ ሞኙ ደስ አለኝ፤ ትከሻውን መታሁ፤
«ነጻ ወጣህ!» አልኩት። በልቤም፦ ረታሁ።

ንጋት ላይ የደብሩ ደወል በውኃው ላይ ሲያስተጋባ፣
ሁሉ ገባ። እሱ አልገባ።
ከቅጽሩ ውጭ፣ ዋርካው ሥር፣ ነጠላውን እስከ ዐይኑ ስቦ፣
ግንባሩን ከካቡ አስጠግቶ ቆሟል፣ በገዛ ልቡ ተከብቦ።
አፉ በላ፤ እምነቱ ግን አልበላም።
አጥንቱ የተሰካው ጉሮሮው ላይ አይደለም፤
ነፍሱ ላይ ነው። ያ ደግሞ በውኃ አይወርድም።

ያኔ ገባኝ። ያ ባሕር ዳር የተጠበሰው ዓሣ
ለሙግት አልነበረም፤ የካደው ወዳጅ እንዲነሣ፣
ሌሊቱን በከንቱ የለፋው እንዲጠግብ ነው እንጂ።
እኔ በፍሜ ሰው ጠበስኩበት፤ የገዛ ወንድሜን፣ የገዛ ደጄ።

ዛሬም ዓሣ ኃጢአት ነው አልልም። ማንም ይጠይቀኝ።
መብላት ከቻልኩ ግን መተውም እችላለሁ፤
ካልቻልኩማ ምኑን ነጻ ነኝ?
የቆሮሶ አሽከር ነኝ።

ፍሙን በጣና ውኃ አጠፋሁት፤ እየተንጫጫ ከሰለ።
ግማሽ መረቤን አንግቤ ሄድኩ፣ እሱ ወዳለ።
«ማረኝ» የሚለውን ቃል አፌ አልቻለውም፤
ሲባጎውን ብቻ አቀበልኩት። እሱም ምንም አላለኝም።
ተቀምጠን ሰፋን፣ እሱ ከግራ፣ እኔ ከቀኝ፣
ጸሐይ ከደብረ ማርያም ወዲያ እስክትርቀኝ።
ስፌቱ ወፍራም ነው፣ ዐይን ይጠላዋል፣ ቋጠሮው ያብጣል፤
ዓሣ ግን አያሳልፍም። በጥንካሬ፣ ከመረቡ ሁሉ ይበልጣል።

ስለ ጾሙ? አልተስማማንም። አሁንም በልባችን አለ።
ታንኳዋ ላይ ግን ስንወጣ ማንም አላነሣው፤ በዚያው ዋለ።

ትናንት ትልቁን ቆሮሶ በቅጠል ጠቅልሎ ሰጠኝ፤
ፊቱን ከሽታው መልሶ፣ «ቤትህ፣ ከልጆችህ ጋር» አለኝ።
በሬን ዘግቼ በላሁት።
እውነቱን ልናገር?
ጣፈጠኝ።