ግሡ መጨረሻ ላይ ነው

አባቴ ቢያድግልኝ ቂሳርያ በር ላይ ዘበኛ ነው፤
ከሐዴራ በአውቶቡስ፣ ጎህ ሳይቀድ የሚነሳው፣
የሥራው ቃል አንድ ብቻ፣ "ቁም" ማለት ነው።
"ቁም። ቦርሳህን ክፈት። በል እለፍ።"
ባሕሩ ብቻ ነው ሳይፈተሽ የሚያልፍ።

እኔ ደግሞ ሃይፋ፣ ተራራው ላይ፣ ላቲን ልማር ገባሁ፤
"ምን ይሠራልሻል?" ሲሉኝ፣ ለጎረቤት መልስ አጣሁ።
የሞተ ቋንቋ ነው አሉ፣ አፍ የፈታበት የለም፤
አባቴ፣ "ግዕዝስ?" አለና
ዝም።

መምህራችን ሰሌዳ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ዘረጋች፤
ቃላቱን በታትና፣ ቅጽሉን ከስሙ ለያይታ፣
እንደ ባልና ሚስት ገበያ መሃል አጠፋፋች፤
ግሡን ከሁሉም ኋላ፣ ከጥጉ ትታ።
ልጆቹ ተነጫነጩ፦ "ሰውዬው ምን ሆነ? ገደለ? አገባ?
ይኼ ሁሉ ቃል ተሰልፎ፣ ወሬው እስካሁን ቤት አልገባ!"

እኔ ግን ደስ አለኝ። ጆሮዬ ያደገው እንዲህ ነው፤
"ወንድምህን፣ ትናንት፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከነበቅሎው..." ሲል ሰው፣
ሰሚው ልቡን አንጠልጥሎ፣ ትንፋሹን ይዞ የሚያዳምጠው፤
አገኘሁት ይሁን ቀበርሁት፣ የመጨረሻው ቃል ነው የሚያውቀው።

ሌላ ቀን ደግሞ ብልሃት መጣ፣ "አልናገርም" ብሎ መናገር።
"የሰረቀውን ወርቅ አላነሳም፤ ያስለቀሳትንም መበለት አልቆጥር፤"
ጠበቃው እንዲህ እያለ፣ አንድ በአንድ ሲዘረዝር፣
ሳቄ አመለጠኝ። የሰፈራችን ትርንጎ ናት ትዝ ያለችኝ፣
"እኔ ሐሜት አልወድም" ብላ፣
ሦስት ሰዓት ደረጃ ላይ ያቆመችኝ።

በሚቀጥለው ግን አልሳቅሁም።
ተናጋሪው ይጀምርና፣ መሃል ላይ ይቆርጠዋል፤
ቁጣ ወይ ዕንባ፣ አንዱ መጥቶ አፉን ይይዘዋል፤
የተበጠሰው ክር ሰሚው እጅ ላይ ይቀራል።
ስሙን በግሪክ ጻፍሁት፣ ለፈተና ይሆናል።
እንጂማ አውቀዋለሁ፤
አባቴ፣ "ሱዳን ስንደርስ፣ ታናሼን፣ ያኔ..." ይላል፤
ከዚያ፣ "ጨው አቀብይኝ" ይላል።

አንድ ዓርብ፣ ሥራ ሊለቅ ሲል፣ በሩ ድረስ ሄድሁኝ፤
ከመጋዘኑ ጀርባ ወስዶ አንድ ድንጋይ አሳየኝ።
"ሠላሳ ዓመት ጠበቅሁት፤ ምን እንደሚል ማን ነገረኝ?"

በጣቴ አሸዋውን ከፊደሉ ጎድጓዳ ጠረግሁ።
"መንገደኛ፣ ቁም" ይላል።
አባቴ ሳቀ፤ "ለካ እሱም ዘበኛ ኖሯል!
ጡረታውንስ ማን ይከፍለዋል?"

"ለባሏ፣ ለመርከበኛው፣ ዐሥራ ስድስት ዓመት አብራው ኖራ፣
ከገዛ ገንዘቧ፣ ሚስቱ፣ በዚህ ስፍራ..."
እዚህ ላይ ድንጋዩ አለቀ። ተሰብሯል። ቀሪው የለም።

"ሚስቱስ?" አለኝ።
"ግሡ ነው የጠፋው፤ ባሕር ወስዶት ይሆናል፤
ግን እኮ የታወቀ ነው፣ 'አቆመች' ነበር የሚል።"
"ምኑን አቆመች?" አለ አባቴ።
"ድንጋዩን ነው ወይስ ልቅሶውን?"

ሰሙን እኔ ተምሬ፣ ወርቁን እሱ አነሳው፤
መምህራችን ብትሰማው
ምን ብላ በላቲን ትጽፈው?

የሰንበት ዋዜማ ነው፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ላይ ወጣን፤
የሐዴራ ጭስ ማውጫዎች ከሩቅ ታዩን።
መስኮቱን ተደግፎ፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ፣
ጀመረ፤ "ያኔ፣ ሱዳን ስንደርስ፣ ታናሼን፣ ሌሊት፣
ከጉድጓዱ ዳር፣
በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ በእጄ..."

ገበታ የለም። የማቀብለው ጨው የለም።
ትንፋሼን ያዝሁ።