ግማሽ ሰዓት ከእሳቱ በኋላ

ማክሰኞ ማታ ነው፤ የታልካዋኖ ዝናብ
የቆርቆሮውን ጣሪያ ይዞታል ሲደበድብ።
ሰርዲን ይታሸግ ነበር ድሮ በዚህ ቤት፤
ዓሣው ሄዷል፣ ጠረኑ ቀረ ግድግዳው ላይ እንደ ሐሜት።

ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ማሽኑ የሰፈሩ፣
ጓንቱም የሰፈሩ፣
ጭንብሎቹም ሁሉ በምስማር ላይ ያደሩ።
የአንዱ መስታወት ተሰንጥቋል፤ ቀይ ክር አስሬበት
ለብቻው ሰቅዬዋለሁ፤
ለመጣልም ለመጠገንም የጨከነ ጠፋለት።
እንዲህ ነው የጋራ ቤት።

ሦስት አዲሶች መጡ ዛሬ።
ፍሬሲያ ዓሣ ሻጯ፣ የጋሪዋ እግር የከዳት፤
ሊሳርዶ፣ ጡረታ የወጣ ሾፌር፣ "አውቃለሁ" ማለት የሚቀናው፤
አንድ ልጅ ደግሞ፣ ስሙን ሁለቴ ጠይቄው
ሁለቴም ለጫማው የነገረው።

"እሳት ቆይ" አልኳቸው፤ "መጀመሪያ ኪስ።
ላይተር ያለው ያውጣ፣ ወረቀትም ቢሆን እዚህ ይመለስ።
ናይለን የለበሰ ያውልቅ፤ ናይለን ሲቀልጥ ከቆዳ ጋር
ፍቺ የሌለው ጋብቻ ነው፣ አይላቀቅም በምክር።
ሱሪ ከጫማው ላይ ይውረድ እንጂ ውስጥ አይግባ፤
ፍንጣሪ የተከፈተ በር ካየ ሳያንኳኳ ነው የሚገባ።"

ሊሳርዶ ሳቀ። የቤንዚን በርሜል አምጥቷል፣
ለልጅ ልጁ ልደት
ከሁለት ተሰንጥቆ የሥጋ መጥበሻ ይወጣዋል።
"ባዶ ነው" አለኝ።
ክዳኑን ፈትቼ "አሽትተው" አልኩት።
አሸተተ። ዝም አለ።
"ባዶ ማለት የሚታይ የለም ማለት ነው፤
የማይታየው እዚያው ቁጭ ብሎ ብልጭታ ነው የሚጠብቀው።"
በርሜሉን ተጋግዘን ዝናቡ ላይ አወጣነው።
ሲመለስ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ነበር።

የፍሬሲያ ቱቦ ዚንክ የተቀባ ነው።
"ልባሱን ፋቂው አስቀድመሽ፤ ነጩ ጭስ ሌሊት ያንዘፈዝፋል።
ወተት ያሽረዋል ይላሉ።
ወተቱን ለድመት ስጡና በሩን ክፈቱ።"

መርከብ መሥሪያው ስገባ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣
ሴት በያጅ ብርቅ ነበር፤
ብርቅን ያዩታል እንጂ ማን ይመክረዋል?
ብርሃኑን ፊት ለፊት አየሁት። ያምር ነበር።
ማታ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ፈሰሰ፤
እናቴ ድንች ቆርጣ ሽፋሽፍቴ ላይ ደረደረች፣
ድንቹም ሞቀ፣ እኔም አለቀስኩ።
በማግስቱ ወንዶቹ "እንኳን ደስ ያለሽ" አሉኝ።
ዛሬም በግራ ዓይኔ ጥግ አንዲት ነቁጥ አለች፣
ሳነብ ከየቃሉ አንድ ፊደል ትውጣለች።

ለዚህ ነው የማስጮሃቸው፣
ኤሌክትሮዱ ብረት ከመንካቱ በፊት፦
"ዓይን!"
ጭንብልህ የሚሸፍነው ያንተኑ ፊት ነው፤
የጎረቤትህን የሚሸፍን ድምፅህ ነው።

ፍሬሲያ ጀመረች። ቆመች። የሠራችውን አየችው።
"ይሄ ዓሣ ቢሆን አልሸጠውም ነበር" አለች።
"ድገሚው፤ በጆሮሽ ሥሪው፣
ኤምፓናዳ ዘይት ላይ ሲገባ የሚሰማውን አስሚው።"
በአራተኛው ተሰማ።

የቀረውን እግር እኔ ልጨርስላት ብዬ፣
መሽቷል፣ ወገቤም ደክሟል፣
ጭንብሌን አውርጄ፣ እጄን ዘርግቼ...
"ማኤስትራ፣ ዓይን!"
ልጁ ነው። ቆርቆሮው ራሱ ደነገጠ።
ዞር ስል ፍሬሲያ ፊቷን ገልጣ አጠገቤ ቆማለች።
አልጮህኩም ነበር።
አርባ ዓመት የሠራሁት እጄ አየር ላይ ቀረ።
"በዚሁ ድምፅ" አልኩት፣ "ስምህን ንገረኝ።"
"ኤሊየሴር!"

ማሽኑ ጠፋ። መውጫችን ግን ገና ነው፤
የሰርዲን ሣጥን ገልብጠን ተቀመጥን።
"ምን እንጠብቃለን?" አለች ፍሬሲያ።
"ምንም እንዳይሆን።"
ግማሽ ሰዓት ነው ሕጉ፤
ከመጥረጊያው ሥር ተኝቶ ሰው ሲሄድ የሚነሣ ፍንጣሪ አለ።
ብረቱ እየበረደ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።
ኤሊየሴር የውሃ ባልዲውን በጉልበቶቹ መሀል አድርጎ
ጥግ ጥጉን ያያል።
ሊሳርዶ ኮፍያውን እስካሁን አላደረገም።
ውጪ በርሜሉ ዝናብ ይጠጣል፤
መጀመሪያ ድምፁ ጠብ፣ ጠብ ነበር፤
አሁን ወፍሯል።