ቅጠሉ ነው እንጂ

ከሪንጃኒ ተራራ ግርጌ፣ ከትንባሆው ማሳ ዳር፣
ሚዛኔን ከዛፍ ሥር አኑሬ፣ ሜትሬን ቸንክሬ ካጥር፣
ወረፋ አስያዝኳቸው ልጆቹን፣ በየቁመታቸው፤
ቅጠል በገመድ ሲያስሩ ውለው፣ ሬንጅ መስሏል እጃቸው።

መጀመሪያ ሩሂያኒ ቀረበች። ዕድሜዋን ጠየቅኋት።
«ምድጃው የተሠራ ዓመት ነው፣ እናቴ የወለደችኝ፤
እሱን ጠይቂው» ብላ፣ በአገጯ ወደዚያ አሳየችኝ።
የቅጠል ማድረቂያውን አየሁት፤ ጡቡ ጠቁሯል፣ ተሰንጥቋል፤
ዐሥራ አንድ ብዬ ጻፍኩ። ጡብ በስንት ዓመት ይጠቁራል?

ክብደት፦ ሃያ ስድስት ኪሎ። ቁመት፦ ከአጥሩ ሦስተኛ ሚስማር።
ቀኝ ትከሻ፦ ከግራው ዝቅ ያለ። (ለዚህ አልተሰጠም መስመር።)
«ትንባሆ ታጨሻለሽ?» ስላት፣ ወረፋው በሙሉ ሳቀ፤
ሳፕሪ የሚሉትማ፣ ሆዱን ይዞ መሬት ወደቀ።
«እኔ?» አለች፤ አኮረፈች። «አታጨስም» ብዬ ጻፍኩ፤ እውነቷን ነበር።
ሽንቷ ግን፣ በኋላ ማታራም ወርዶ ሲመረመር፣
እንደ አንድ ሽማግሌ አጫሽ፣ በኒኮቲን የሞላ ነበር።

«ሕመም አለብሽ?»
«የለብኝም።»
«ራስሽን?»
«አያመኝም።»
«ትናንት ከማሳው መሐል ጎንበስ ብለሽ፣ ስታስመልሺ አላየሁሽም?»
«አይተሻል። እሱማ ቅጠሉ ነው እንጂ፤ እሱ በሽታ አይባልም።»

በሽታ ማለት እዚያ፣ አልጋ ላይ የሚጥል ነገር፤
ዶሮ አሽጦ፣ ፍየል አሽጦ፣ አያትን የወሰደ ከመንደር።
ጤዛ ያራሰው ቅጠል፣ በደረት ታቅፎ ሲኬድ
ሸሚዝ አልፎ፣ ቆዳ አልፎ፣ ደም ውስጥ የሚገባው ጉድ፣
ራስ የሚያዞረው፣ ሩዙን እሬት የሚያደርገው፣ ስም የለው፤
ትንንሾቹ ብቻ፣ «ስካር ስካር አለኝ» የሚሉት ነው።

«የለም» ከሚለው ሣጥን ላይ፣ ብዕሬን አንሥቼ ቆየሁ።
ሠላሳ ሰባት ልጅ ጠይቄ፣ ሠላሳ ሰባት ጤነኛ አገኘሁ።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ፣ ወረቀቱን ትቼ ገባሁ፤
እንደነሱ ፌስታል አጥልቄ፣ ጎንበስ ብዬ ቀነጠስሁ።
ጤዛው ክንዴን አራሰው። መጀመሪያ ደስ ይላል፤ ይቀዘቅዛል።
ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ግን፣ ተራራው ከቦታው ይነሣል፣
ይዞራል፣ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሣል።
አፌን ምራቅ ሞላው። ጉልበቴ ከዳኝ።
የእራቴን ሩዝ ለመሬቱ መለስኩ።

ግንባሬን የያዘው እጅ፣ ትንሽ ነው፣ ሻካራ፣ ተጣባቂ።
«ስንተኛ ቀንሽ ነው?» አለችኝ፤ እሷ ሆነች ጠያቂ።
«መጀመሪያዬ።» «ቁርስስ?» «አልበላሁም።»
«ባዶ ሆድ አይገባም።»
ዓይኔን ገልጣ አየች፤ መዳፏን አንገቴ ላይ አሳረፈች፤
እኔ አርባ ጥያቄ ይዤ፣ እሷ በሦስቱ ጨረሰች።

«ምን አለብኝ?» አልኳት።
«ምንም። ቅጠሉ ነው እንጂ። ትለምጂዋለሽ።»

ከዚያ ሸክሟን አነሣች፣ በዚያው ዝቅ ባለው ትከሻ፤
ጥቂት ሄዳ ዞር አለች፦
«ሲሻልሽ ነይ። ስምንት ረድፍ ይቀረናል።»